ስለ ጥብቅና ድርጅቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«በሩ ላይ ‹እከሌና ባልደረቦቹ› የሚል ታፔላ ካለ ድርጅት ነው»

አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት የኖሩት ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ቢሮዎች ኪራይና ጸሐፊ የሚጋሩ የየግል ጠበቆች ነበሩ። በቀድሞው የጠበቆች ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 199/1992 ዘመን ደንበኛው የሚይዘው አንድን ሰው ነበር። ጉዳቱ የሚታየው ጠበቃው ሲሞት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ተወካይ ሲሞት ውክልናው ይቀራል፤ ስለዚህ ደንበኛው ቀጠሮው እየደረሰ አዲስ ውክልና ለመስጠት ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ ይሮጣል፣ ፋይሉንም ከሐዘንተኛ ቤተሰብ ይጠይቃል። ጠበቆች የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ያለው ድርጅት የሚያቋቁሙበትን መንገድ የከፈተው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። ለውጡ ዘግይቶ መጣ፤ ቢሆንም ትልቅ ነው።

«ኃላፊነቱ የተወሰነ ስለሆነ ማንም አይጠየቅም»

እዚህ ላይ ሁለት ስሞች ይምታታሉ። የጥብቅና ድርጅት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር (ፒኤልሲ) ሳይሆን ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበር ነው፤ ይህን ቅርፅ ያመጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ነው። አንዱ ሸሪክ የይግባኝ ጊዜ ቢያሳልፍ የሌላው ሸሪክ ቤት አይሸጥም። ያሳለፈው ግን በራሱ ጥፋት ይጠየቃል። ሸሪክ የሚሆኑትም ፈቃድ ያላቸው ጠበቆች እንጂ ገንዘብ ያለው ሁሉ አይደለም።

«የኩባንያ ጠበቃ ሥራው ችሎት ነው»

አብዛኛው ሥራ ወረቀት ላይ ያልቃል። ደንበኛው የአንድ ፋብሪካ ድርሻ ሊገዛ ነው እንበል። መጀመሪያ መመሥረቻ ጽሑፉና ማሻሻያዎቹ በቀን ቅደም ተከተል ይደረደራሉ፤ አንድ ማሻሻያ ከጎደለ የሻጩ ድርሻ ስንት እንደሆነ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ቃለ ጉባኤዎቹ መመዝገባቸው ይታያል። የሊዝ ማስረጃው ፎቶ ኮፒ አይበቃም፤ ዕዳና እገዳ መኖሩ ከይዞታ አስተዳደሩ በጽሑፍ ይጠየቃል። ከዚያ ታክስ፣ የሠራተኛ ክስ፣ ብድር። በጣም ውድ የሚያስከፍለው ስህተት ብሔራዊ ባንክ ያልተመዘገበ የውጭ ብድር ነው፦ ገንዘቡ ገብቶ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ፣ መክፈያው ሲደርስ የውጭ ምንዛሪ መላክ አይቻልም።

«የፌዴራል ፈቃድ የትም ያሠራል»

ጉዳዩ የክልል ሥልጣን ከሆነ የክልሉ ፈቃድ ያስፈልጋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የክልል ፍርድ ቤቶች የፌዴራል ጉዳይም በውክልና ስለሚያዩ፣ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ከመሄድ በፊት የሥልጣኑን ምንጭ መለየት ግድ ነው።

«ትልቅ ቢሮ በተለያዩ ጠበቆች ለሁለቱም ወገን መቆም ይችላል»

አይችልም። የአንዱ ሸሪክ ደንበኛ የሁሉም ደንበኛ ነው። ፋይል ከመከፈቱ በፊት የተከራካሪው፣ የባለድርሻዎቹ፣ የሥራ አስኪያጁና የእህት ኩባንያዎቹ ስም ከቆዩ ፋይሎች ጋር ይመሳከራል። ባለድርሻዎቹን ሳያዩ የኩባንያውን ስም ብቻ የሚፈልጉ ቢሮዎች የጥቅም ግጭቱን የሚያውቁት የመከላከያ መልሱ ሲደርሳቸው ነው።