የግዴታ ክፍያ ምንድን ነው? ቱሽን ተሸፍኖ ቢል የሚመጣው ለምንድን ነው?

ጆርጂያ ውስጥ ልጁን ለኮሌጅ ያደረሰ ወላጅ ሆፕ ስኮላርሺፕን ሳያውቅ አይቀርም። ከሎተሪ ሽያጭ በሚገኝ ገንዘብ ከ1993 ጀምሮ ይሰጣል (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠቅሰው)። ሁለተኛ ደረጃን በጥሩ ውጤት ጨርሶ እዚያው ስቴት ውስጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ አሁን ቱሽኑ (የማስተማሪያው ዋጋ) መቶ በመቶ ይሸፈንለታል። ቤተሰቡም «ልጃችን በነፃ ነው የሚማረው» ብሎ ለዘመድ አዝማድ ያበስራል። ትምህርት ሊጀመር ሲል ግን ቢል ይመጣል። ዶርምና ምግቡ ይቅር፣ ልጁ ከቤት እየተመላለሰ ይማር እንኳ ቢባል በየሴሚስተሩ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ተጽፎ ይገኛል።

ማንም አልዋሸም። ሆፕ የሚከፍለው ቱሽን ነው። ቢሉ ላይ የቀረው «ማንዳቶሪ ፊ» የሚባለው ነው። የግዴታ ክፍያ ልንለው እንችላለን።

የግዴታ ክፍያ ማለት አንድ ተማሪ ለመመዝገብ ብቻ የሚከፍለው ገንዘብ ነው። ጂም ገባ አልገባ፣ ኳስ አየ አላየ፣ ክሊኒኩ የት እንዳለ ዐወቀ አላወቀ ለውጥ የለውም። በዚህ ከፓርኪንግ፣ ከዶርም ወይም ከላብ ክፍያ ይለያል። እነዚያ ለተጠቀመ ብቻ ናቸው። በብዙ ግቢዎች ደግሞ የግዴታ ክፍያው በክሬዲት ልክ አይቀንስም፣ ወይም የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው። ስለዚህ ቀን እየሠራ ማታ ሁለት ኮርስ ብቻ የሚወስድ ሰው፣ አምስት ኮርስ ከሚወስደው ጎረምሳ እኩል ወይም ሊስተካከል ምንም ያልቀረው ይከፍላል። የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚማረው እየሠራ ስለሆነ ይህቺ ነገር በደንብ ትነካናለች።

አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ለተማረ ሰው ነገሩ እንግዳ ነው። እዚያ ከ2003 (በእኛ አቆጣጠር 1996 ዓ.ም.) ጀምሮ ያለው ወጪ መጋራት ነው። ተማሪው የምግቡን፣ የመኝታውንና የትምህርቱን ከፊል ወጪ ውል ፈርሞ ይቀበላል። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፍላል። አሜሪካ ያለው የግዴታ ክፍያ ግን ቀድሞ የሚከፈል ነው። ካልተከፈለ ወይም የክፍያ ዕቅድ ካልተያዘ ምዝገባው ሊሰረዝ ይችላል።

ታዲያ ለምን ቱሽኑ ላይ ደምረው አንድ ዋጋ አይሉትም? ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው።

ቱሽን ፖለቲካ ነው። ቱሽን ጨመረ ሲባል ጋዜጣ ይጽፋል፣ የምክር ቤት አባል ይጮኻል፣ ገዥው ይጠየቃል። ክፍያ ሲጨምር ግን ዜናው ከግቢው አይወጣም። አንዳንዴ ደግሞ ሕጉ ራሱ ዩኒቨርሲቲውን ወደዚያ ይገፋዋል። የማሳቹሴትስን ነገር እንይ። እዚያ ለረጅም ጊዜ የስቴቱ ነዋሪዎች የሚከፍሉት ቱሽን የሚገባው ወደ ስቴቱ ካዝና ነበር። በክፍያ ስም የሚሰበሰበው ግን እዚያው ዩኒቨርሲቲው ጋ ይቀራል። እርስዎ ኃላፊ ቢሆኑ የትኛውን ይጨምራሉ? እነሱም ያንኑ አደረጉ። አምኸርስት ባለው የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ለስቴቱ ተማሪዎች ቱሽኑ ለዓመታት 1,714 ዶላር ላይ ቆመ። ክፍያው ግን ከ10,000 ዶላር በላይ ወጣ። «ተጨማሪ» የተባለው ከዋናው ብዙ እጥፍ በለጠ ማለት ነው።

ከሁሉም የሚያስቀው፣ ወይም የሚያስለቅሰው፣ የስኮላርሺፑ ነገር ነው። ስቴቱ በፈተና ከፍተኛ ውጤት ላመጡ ልጆች «በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከቱሽን ነፃ ናችሁ» የሚል ደብዳቤ ይልካል። የአዳምስ ስኮላርሺፕ ይባላል። ደብዳቤው ፍሬም ውስጥ ገብቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ዓይነት ነው። ተማሪው ከዚያ ሁሉ ሂሳብ የሚቀነስለት ግን ያቺው 1,714 ዶላር ነበረች። ኋላ ላይ አሠራሩ ተለውጦ ዩኒቨርሲቲው ሁለቱን ጠቅልሎ አንድ ቱሽን አደረጋቸው። የተማሪው ኪስ ላይ የመጣ ለውጥ የለም። ስሙ ነው የተስተካከለው።

ካሊፎርኒያም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። በ1960 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ዕቅድ ለስቴቱ ነዋሪዎች ቱሽን እንዳይኖር ይል ነበር። ቃሉ እንዳይፈርስ «የትምህርት ክፍያ» የሚባል ሌላ ነገር መጣ። ያ ክፍያ ከዓመት ዓመት እያደገ ሄዶ ከቱሽን የሚለየው በስም ብቻ ሆነ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቦርድም በ2010 እውነቱን ተቀብሎ «ቱሽን» ብሎ ሰየመው።

ወደ ጆርጂያ እንመለስ። የ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ የስቴቱን በጀት ሲያመናምን፣ በ2009 «ልዩ የተቋም ክፍያ» የሚባል ነገር ተጨመረ። ለጊዜው ነው ተባለ። ያ «ጊዜ» ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ፣ ገንዘቡም አደገ። መጨረሻ ላይ ጆርጂያ ቴክ የሚማር ልጅ በሴሚስተር 544 ዶላር ይከፍል ነበር፣ ለዚህ አንድ መስመር ብቻ። በ2022 ምክር ቤቱ ጉድለቱን በበጀት ሸፍኖ ክፍያው ተነሣ። ሆፕም ቢሆን ድሮ እንዲህ አልነበረም። ቀደም ሲል ከቱሽን ሌላ የግዴታ ክፍያንም ይሸፍን፣ ለመጽሐፍ መግዣም ይሰጥ ነበር። በ2011 በተደረገው ለውጥ ሁለቱም ወጡ። ከ2023 መከር ወዲህ ቱሽን መቶ በመቶ ይከፈላል ተብሎ ቢበሰርም ክፍያዎቹ አልተመለሱም።

ገንዘቡ የት ይሄዳል? ቢሉ ላይ ብዙ ጊዜ በስም በስሙ ይዘረዘራል፤ ጤና፣ ቴክኖሎጂ፣ ትራንስፖርት፣ የተማሪ እንቅስቃሴ፣ ስፖርት። ትራንስፖርቱ ለተጠቀመበት ያዋጣል። ሲያትል ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ከ2011 ጀምሮ ሁሉም ተማሪ በክፍያው በኩል የዩ ፓስ ካርድ ይይዛል። በአውቶቡስና በባቡር ለሚመላለስ ልጅ ይህ ግሩም ቅናሽ ነው። በራሱ መኪና ለሚሄደው ደግሞ ለሌሎች መዋጮ ነው።

የሚያከራክረው ስፖርት ነው። ሰው የሚያስበው የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ገንዘብ ያፍሳል ብሎ ነው። ጥቂት ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች ላይ እውነት ነው። መካከለኛና ትንንሽ ግቢዎች ግን ቡድናቸውን የሚያቆሙት በአብዛኛው ከተማሪ በሚሰበሰብ ክፍያ ነው። ቨርጂኒያ ነገሩ አሳስቧት በ2015 ከስፖርት ገቢ ውስጥ ስንት እጁ ከተማሪ ክፍያ ሊመጣ እንደሚችል በሕግ ወስናለች። አትላንታ መሀል ያለው ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል የጀመረው በ2010 ነው፤ ለዚያም የስፖርት ክፍያው ከፍ ብሏል። ቡድኑ አሁን የሚጫወትበትን ስታዲየም እናውቀዋለን። በ1996ቱ ኦሊምፒክ ኃይሌ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘው፣ ፋጡማ ሮባም ማራቶኑን አሸንፋ የገባችው እዚያ ነበር። ኋላ የቤዝቦል ሜዳ ሆነ፣ ከ2017 ወዲህ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ነው። እኔ በበኩሌ ነርስ ለመሆን የምትማር የሁለት ልጆች እናት ለፉትቦል ቡድን ማዋጣቷ አይዋጥልኝም። ኦሊምፒኩ የእኛ ትዝታ ቢሆንም።

ማነው የሚወስነው? እንደየስቴቱ ይለያያል። በጆርጂያ ግቢው ሐሳብ ያቀርባል፣ የሚያጸድቀው የስቴቱ የዩኒቨርሲቲዎች ቦርድ ነው። ከዚያ በፊት ግን ቢያንስ ግማሹ ተማሪ የሆነ ኮሚቴ አይቶ አስተያየት መስጠት አለበት። እዚያ ኮሚቴ ውስጥ የሚቀመጡት የተማሪዎች መማክርት የመረጣቸው ናቸው። ለመማክርቱ ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ተማሪ ጥቂት ነው። ከአራት ዓመት በኋላ የሚከፈተውን ጂም ክፍያ ዛሬ አጽድቆ የሚመረቅ ተማሪም አለ። ከፋዩ ገና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያለው ልጅ ነው።

«በማላምንበት ነገር ገንዘቤ ለምን ይውላል?» ብሎ ፍርድ ቤት የሄደም አለ። ስኮት ሳውዝወርዝ የሚባል የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ ነው። በ1996 ከጓደኞቹ ጋር ከሰሰ። ያኔ ክፍያው በዓመት 331 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ከፊሉ የሚሄደው እሱ የሚቃወማቸውን ፖለቲካዊ አቋሞች ለሚያራምዱ የተማሪ ማኅበራት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2000 በሙሉ ድምፅ ለዩኒቨርሲቲው ፈረደ። ነገር ግን ሁኔታ አስቀመጠ፦ ገንዘቡ ሲከፋፈል በአመለካከት መድልዎ መኖር የለበትም። ከዚያ በፊት በ1995 በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ አንድ ጋዜጣ ክርስቲያናዊ አመለካከት ስላለው ብቻ ከዚህ ዓይነቱ ገንዘብ ሊከለከል አይገባም ተብሎ ነበር።

ይህ ለእኛ ልጆች ሩቅ ወሬ አይደለም። የተመዘገበ የሐበሻ ተማሪዎች ማኅበር ለእንቁጣጣሽ ዝግጅት ለአዳራሽና ለምግብ ገንዘብ መጠየቅ የሚችለው ከዚሁ የተማሪ እንቅስቃሴ ክፍያ ነው። ብዙ ማኅበራት ሳያውቁት ከኪሳቸው ያዋጣሉ። የከፈሉትን ገንዘብ ነው የሚጠይቁት፣ ልመና አይደለም።

አሁን ወደ ኪስ እንምጣ። ዩኒቨርሲቲ ስታወዳድሩ የቱሽኑን ቁጥር ብቻ አትዩ። «ቱሽንና ክፍያ ተደምሮ ለሙሉ ዓመት ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጃችሁ ስኮላርሺፕ ካገኘ ደብዳቤው «ሙሉ ቱሽን» ይላል ወይስ «ቱሽንና ክፍያ»? በሁለቱ መካከል በአራት ዓመት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር አለ። ሆፕ አለን ብላችሁም ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ መሙላቱን አትተዉ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች የሚሰጠው ፔል ግራንት በ2025–26 የትምህርት ዘመን እስከ 7,395 ዶላር ይደርሳል፣ የማይመለስ ነው፣ ሆፕ የማይነካውን የግዴታ ክፍያም ይከፍላል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የጤና ኢንሹራንስ የሚለውን መስመር ፈልጉ። ይህ ከጤና ክፍያው የተለየ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ኢንሹራንስ እንዲኖረው ያስገድዳሉ፤ የለህም ብለው ሲገምቱ የራሳቸውን ፕላን ቢሉ ላይ ይጨምራሉ። በሺዎች ሊቆጠር ይችላል። ልጁ በእናንተ የሥራ ቦታ ኢንሹራንስ ወይም በሜዲኬይድ ከተሸፈነ ግን «ዌቨር» የሚባለውን ቅጽ ኦንላይን ሞልቶ ማስነሣት ይችላል። ቀነ ገደብ አለው፤ ካለፈ ለዚያ ሴሚስተር ብዙ ጊዜ ይቅርታ የለም። በየዓመቱ ደግሞ እንደገና መሞላት ሊኖርበት ይችላል። ሙሉ ለሙሉ ኦንላይን የሚማር ተማሪም አንዳንድ የግዴታ ክፍያዎች ሊነሡለት ስለሚችሉ ይጠይቅ።

ታክስ ስትሠሩም ይህ ነገር ይመጣል። ለመጀመሪያዎቹ አራት የኮሌጅ ዓመታት በዓመት እስከ 2,500 ዶላር የሚያስገኘው የፌዴራል የትምህርት የታክስ ክሬዲት ከቱሽን ሌላ ለመመዝገብ የግድ ለዩኒቨርሲቲው የተከፈለ ክፍያንም ይቆጥራል፤ የቴክኖሎጂውና የስፖርቱ ክፍያ እንደዚህ ከሆነ ይገባል። የጤና ክፍያና ኢንሹራንስ ግን ግዴታ ቢሆኑም አይቆጠሩም። ስለዚህ ታክስ ሠሪው ጋ ስትሄዱ ዩኒቨርሲቲው ለታክስ የሚልከውን 1098-ቲ የሚባለውን ወረቀት ብቻ ሳይሆን በመስመር የተዘረዘረውን ቢልም አትማችሁ ያዙ።