የቤት ውስጥ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የውሃ ማጣሪያ

ሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ በአጭሩ አር ኦ፣ ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን ውስጥ አሳልፎ የሟሟ ጨውና ማዕድንን የሚያስቀር የማጣሪያ ዘዴ ነው። የቤቱ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ከኩሽና ሲንክ ስር ይገጠማል። ተራ ፊልተር ድፍርስ ውሃ ያጠራል። አር ኦ ግን በዓይን የማይታየውን፣ ሟሙቶ የጠፋውን ጭምር ያወጣል።

ውሃ ብቻ የሚያሳልፍ ሽፋን በሁለት ፈሳሾች መካከል ሲኖር፣ ውሃው ጨው ካነሰበት ወገን ወደበዛበት ይሻገራል። ይህ ኦስሞሲስ ነው። ጨው በበዛበት ወገን በቂ ግፊት ሲጫን ጉዞው ይገለበጣል። ለባሕር ውሃ 55 ባርና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። የቧንቧ ውሃ ጨው ጥቂት ስለሆነ 3 ወይም 4 ባር ይበቃዋል።

ፈረንሳዊው ዣን-አንቷን ኖሌ ኦስሞሲስን በ1748 እ.ኤ.አ. በአሳማ ፊኛ ተመልክቷል። ትልቁ ሥራ የተሠራው ግን ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው። በ1950ዎቹ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ ሬይድ ከእፅዋት ቃጫ የሚሠራው የሴሉሎስ አሲቴት ሽፋን ጨው እንደሚያስቀር አሳየ። የሚያልፈው ውሃ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ሲድኒ ሎብና ስሪኒቫሳ ሶሪራጃን ተመሳሳይ ሽፋን ገዝተው በውሃ ውስጥ አሞቁና ሞከሩ። ያው ሽፋን አንዴ ጨውን ያስቀራል፣ አንዴ ያሳልፋል። ነገሩን ሲመረምሩት ሁለቱ ገጾቹ አንድ አይደሉም። አንደኛው ገጽ ወደ ጨዋማው ውሃ ሲዞር ይሠራል፤ ሲገለበጥ አይሠራም። ከዚህ ተነስተው ላዩ እጅግ ስስ፣ ታቹ ቀዳዳ የበዛበት ሽፋን ራሳቸው ሠሩ። የሚያልፈው ውሃም በብዙ እጥፍ ጨመረ። በ1965 እ.ኤ.አ. ቀደም ሲል የመጠጥ ውሃ በባቡር ይመጣላት በነበረችው የካሊፎርኒያ ከተማ ኮአሊንጋ፣ በቀን 5,000 ጋሎን ገደማ የሚያጣራ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። የዘዴው ቀዳሚ ማን ነው የሚለው ሊያከራክር ይችላል። ቤታችን የገባው ግን የሎብና የሶሪራጃን መንገድ መሆኑ አያጠራጥርም። ዛሬ የምንጠቀምበት ፖሊያማይድ ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት የሚሠራው ሽፋን በ1970ዎቹ በአሜሪካዊው ተመራማሪ በጆን ካዶት ሥራ ተከትሏል።

በቤቱ መሣሪያ ውሃው መጀመሪያ አሸዋና ዝገት በሚይዝ ፊልተር ያልፋል። ከዚያ የካርቦን ፊልተር ክሎሪኑን ይወስዳል። ክሎሪን ፖሊያማይድን ስለሚበላው ይህ ደረጃ የግድ ነው። ቀጥሎ ሜምብሬኑ ይመጣል። ይህ በቱቦ ላይ የተጠቀለለ ሽፋን ሲሆን ከሟሟው ጨው ከ95 በመቶ በላይ ያስቀራል። የተጣራው ውሃ ቀስ እያለ ስለሚወጣ በትንሽ ታንከር ይጠራቀማል። ታንከሩ ውስጥ አየር የተሞላ ፊኛ አለ፤ ቧንቧው ሲከፈት ውሃውን ገፍቶ የሚያወጣው እሱ ነው። ጨዋማው ትርፍ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። በተለመዱት መሣሪያዎች ለ1 ሊትር ንጹህ ውሃ 3 ወይም 4 ሊትር ይፈሳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ትርፉን በባልዲ ይዞ ለወለልና ለሽንት ቤት ማዋል ይቻላል። ታንከሩ ሞልቶም ፍሳሹ ካላቆመ ከቫልቮቹ አንዱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል።

አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግፊቱን ነው። ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ሮቶ በየ10 ሜትር ከፍታው 1 ባር ገደማ ብቻ ይሰጣል። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ላይ ያለው ሮቶ ብቻውን ሜምብሬኑን አያሠራም። ፓምፕ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ታንከሩ ውስጥ የቀረው ብቻ ይጠጣል።

በአገራችን አር ኦ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው በስምጥ ሸለቆ ነው። ወንጂን ጨምሮ በብዙ ቦታ የከርሰ ምድር ውሃው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ወሰን በላይ ነው። ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ችግሩን ለዓመታት አጥንተዋል፤ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናታቸው የፍሎራይዱን ስርጭት ያሳያል። ፍሎራይድ ሲበዛ ጥርስ ያበልዛል፤ ሲብስ አጥንት ያጎብጣል። ማፍላት አይጠቅምም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ይበዛል። አር ኦ አብዛኛውን ያስቀራል።

ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ለጤና ይጎዳል ወይ የሚለው ላይ ባለሙያዎች አልተስማሙም። ካልሲየምና ማግኒዚየም በዋናነት ከምግብ ይገኛሉ የሚለው ሚዛን የሚደፋ ይመስላል። ጣዕሙን ለመመለስ ማዕድን የሚጨምር ፊልተር የሚያስገጥሙም አሉ።

ፊልተሮቹ በየ6 ወር እስከ ዓመት፣ ሜምብሬኑ በ2 ወይም 3 ዓመት ይቀየራሉ። በውሃ ውስጥ የሟሟውን ጠቅላላ መጠን የሚለካው፣ በኪስ የሚያዘው ቲዲኤስ ሜትር ሜምብሬኑ መዳከሙን ያሳያል፤ ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ለክቶ ማነጻጸር ነው። ፍሎራይድን ለይቶ አይናገርም፣ ጀርምንም አያይም። ለእነዚህ የላቦራቶሪ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ምርመራው መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት ቢደረግ ይመረጣል።