የፕሬዝዳንቶቹ የአንድ ዶላር ሳንቲም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ያለ ዘመድ ለልጆች ስጦታ ብሎ የሰጠው፣ ወይም ከቲኬት ማሽን መልስ ሆኖ የወጣ ቢጫ የዶላር ሳንቲም እጃችሁ ላይ ሊኖር ይችላል። ከ2007 እስከ 2016 (በፈረንጆቹ) በተከታታይ የወጣው፣ ፊቱ ላይ የፕሬዝዳንት ምስል፣ ጀርባው ላይ የነፃነት ሐውልት ያለው ነው። ቲክቶክ ላይ «ይህ ሳንቲም ሚሊየነር ያደርጋል» የሚሉ ቪዲዮዎች ስለበዙ፣ ሰው ከመታለሉ በፊት ነገሩን ማጥራት ያስፈልጋል።

«ወርቅ ነው።» አይደለም። ውስጡ መዳብ ነው፤ የላይኛው ሽፋን መዳብ፣ ዚንክ፣ ማንጋኒዝና ኒኬል የተቀላቀሉበት ነው። ወርቅ የሚባል ነገር የለበትም። እጅ ሲበዛበትም ይጠቁራል።

«ዓመተ ምሕረት የለውም፣ ስለዚህ በስህተት የተመረተና ውድ ነው።» ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዓመቱና የተመረተበት ከተማ ፊደል የተጻፉት ጠርዙ ላይ፣ ማለትም በሳንቲሙ ውፍረት ዙሪያ ነው። ፒ ፊላደልፊያ፣ ዲ ዴንቨር፣ ኤስ ሳን ፍራንሲስኮ ማለት ነው። «በእግዚአብሔር እንታመናለን» የሚለው መፈክርም በ2007 እና በ2008 ጠርዙ ላይ ነበር። ከ2009 ጀምሮ ወደ ፊት ለፊት መጣ።

«የጠርዙ ጽሑፍ ተገልብጧል።» ይህም ስህተት አይደለም። ፊትና ጀርባው ከታተመ በኋላ ሳንቲሙ ወደ ሌላ ማሽን ይገባል፤ ጠርዙ የሚጻፈው እዚያ ነው። ሳንቲሞቹ እንደመጡ ስለሚገቡ ግማሾቹ ወደ ላይ፣ ግማሾቹ ወደ ታች ይነበባሉ። በዚህ ምክንያት ብቻ ተጨማሪ ብር የሚጠይቃችሁን ሻጭ እለፉት።

እውነተኛው ስህተት ጠርዙ ጭራሽ ባዶ ሲሆን ነው። በ2007 ብዙ የጆርጅ ዋሽንግተን ሳንቲሞች ሁለተኛውን ማሽን ሳያልፉ ወጡ። ቁጥራቸው በአስር ሺዎች ስለሚገመት ግን ዋጋቸው ብዙውን ጊዜ በአስሮች ዶላር እንጂ በሺዎች አይደለም። ጽሑፉን በሞረድ ፍቀው የሚሸጡ አጭበርባሪዎችም አሉ። ስለዚህ መዝኑት፣ ለኩት፦ ትክክለኛው 8.1 ግራም ይመዝናል፣ ስፋቱም 26.5 ሚሊሜትር ነው። የተፋቀው ይጎድላል።

«ከ2012 በኋላ የወጣው ሁሉ ብርቅ ነው።» መንግሥት በ2011 መጨረሻ ለገበያ ማምረቱን ያቆመው ሕዝቡ ስላልተጠቀመበት ነው። ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሳንቲም በካዝና ተከማችቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሰብሳቢዎች ብቻ ቢመረትም በሚሊዮኖች ነው። ለየት የሚሉት የ2015 የትሩማንና የአይዘንሃወር ልዩ እትሞች ናቸው። ከእያንዳንዳቸው የወጡት 17 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው። ምስሉ እንደ መስታወት ያበራል፣ ዙሪያው ደግሞ ደብዘዝ ያለ ነው።

«ካጸዳሁት ይወደዳል።» እባካችሁ አትንኩት! በሎሚ፣ በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና የታሸ ሳንቲም የመጀመሪያ ገጹን ያጣል። ሰብሳቢ ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ነው።

«ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ 5 ሺህ ዶላር ተጽፎበታል።» የፈለገ የፈለገውን ዋጋ መጻፍ ይችላል። ማየት ያለባችሁ በእርግጥ የተሸጡት የሚለውን ዝርዝር ነው። እጅ በእጅ የዞረ ተራ ሳንቲም አንድ ዶላር ነው፤ አሜሪካ ካላችሁ ባንክ አስገቡት ወይም ሱቅ ተገበያዩበት።