ተደራቢ ኢንፌክሽን ምንድን ነው?

ዶልፊን ወይም ዓሣ ነባሪ ባሕር ዳር ሞቶ ተገኘ በተባለ ቁጥር «ባክቴሪያ ተገኝቶበታል፤ የገደለው እሱ ነው» የሚል አይጠፋም። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «ተደራቢ ኢንፌክሽን» የሚለውን አምጥቶ፣ «ቀላል፣ የማይገድል ማለት ነው» ብሎት አረፈ። ሁለቱም ስሕተት ነው።

ተደራቢ የሚያሰኘው ተራው እንጂ ክብደቱ አይደለም፤ ሌላ ነገር እንስሳውን ካዳከመው በኋላ የሚገባ ነው። ገደል ገብታ እግሯ የተሰበረ አህያን ሌሊት ጅብ ቢበላት፣ ጧት የሚታየው የጅብ ዱካ ነው። የጣላት ግን ጅቡ አይደለም። እሱ ባይደርስባት ደግሞ ትተርፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ጅቡንም ነፃ አናወጣውም። ከሞተች በኋላ የደረሰ ጅብም ዱካው ያው ነው። የዓሣ ነባሪ ስብ ሙቀት ስለሚይዝ ሬሳው ከውስጥ ቶሎ ይበሰብሳል፤ የአንጀት ባክቴሪያም በየአካሉ ይሰራጫል። ከእንዲህ ያለ ሬሳ የተገኘ ባክቴሪያ ብቻውን ገዳዩን አይነግረንም።

እ.ኤ.አ. በ1988 በሰሜን ባሕርና በአካባቢው 18,000 ያህል አቆስጣ የተባሉ የባሕር አጥቢ እንስሳት አለቁ። ከሳንባቸው ቦርዴቴላ ብሮንኪሴፕቲካ የተባለ ባክቴሪያ ተገኝቷል። የሰውነት መከላከያቸውን አስቀድሞ የሰበረው ግን ቫይረስ ነበር፤ ያውም የከብት ደስታና በጎቻችንን የሚፈጀው የደስታ መሰል በሽታ ቫይረሶች ዘመድ።

ደብረ ብርሃን ላይ ይህን የምናየው በበግ ነው። ብርድና ጉዞ ያደከመው የመንዝ በግ ሲሞት ደረቱን እንከፍታለን፤ የሳንባው ፊተኛ ክፍል ጠቁሮና ጠጥሮ ይገኛል፣ ቁራጩን ውኃ ውስጥ ብንጥለው ይሰምጣል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ማንሄሚያ የተባለ ባክቴሪያ ነው። እሱ ግን በጤነኛ በግ አፍንጫና ጉሮሮም ይኖራል። እግረ መንገዴን፦ መንጋው ውስጥ ደስታ መሰል ከገባ አንቲባዮቲክ ተደራቢውን እንጂ ቫይረሱን አይነካውም፤ ቀድሞ ማስከተብ ነው የሚያዋጣው።

ሁሉም ተደራቢ ነው ማለቴ አይደለም። ብሩሴላ ሴቲ የተባለ ባክቴሪያ የዶልፊንን አንጎል አስቆጥቶ ራሱ ይገድላል፤ ሌፕቶስፓይራ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ የካሊፎርኒያ የባሕር አንበሶችን ኩላሊት ያበላሻል። እነዚህ ቆማ የምትሄደውን አህያ የሚጥሉ ጅቦች ናቸው። ለመለየት ሬሳው ሳይበሰብስ መድረስ፣ ቫይረስ መመርመር፣ ከሁሉም በላይ ቁስሉን በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልጋል። እንስሳው በሕይወት ሳለ በገባ ባክቴሪያ ዙሪያ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ የደም ሕዋሳት ተሰብስበው ይታያሉ፤ ከሞተ በኋላ በተሰራጨው ዙሪያ ግን አይኖሩም።