የቀለም ተምሳሌት በፋንታሲ ልቦለድ ምንድን ነው?

ዓይን ያወጣ ውሸት ስንሰማ «ይሄማ ነጭ ውሸት ነው!» እንላለን። የለየለት ድህነትም ነጭ ድህነት ነው። ለጥምቀት ግን ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሰን እንወጣለን። አንድ ቀለም እንደገባበት ቦታ ትርጉሙ ይለዋወጣል።

ደራሲ አንድን ቀለም ለማሳመሪያ ብቻ ሳይሆን ሐሳብ ሲያሸክመው፣ የቀለም ተምሳሌት የምንለው ያ ነው። በየትኛውም ልቦለድ ውስጥ ይገኛል። በፋንታሲ፣ ማለትም አስማትና ምናባዊ ዓለም ባለበት ልቦለድ፣ ግን ይበረታል፤ ዓለሙ አዲስ ስለሆነ አንባቢው ማን ወዳጅ፣ ማን ጠላት እንደሆነ የሚለይበት ነገር ያጣል። ጥቁር ካባ የለበሰ ፈረሰኛ ብቅ ሲል ግን ማንም ሳያስረዳን ልባችን ድንግጥ ይላል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ነጭ ደግ፣ ጥቁር ክፉ ብሎ። ጨዋታው የሚጣፍጠው ግን ከዚህ በኋላ ይመስለኛል።

በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1954 ጀምሮ የታተመውን የቶልኪን «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» እንውሰድ። የአስማተኞቹ አለቃ ሳሩማን ነጭ ለባሽ ነው። ጋንዳልፍ ግራጫ ይለብሳል፤ በማዕረግም ከሳሩማን በታች ነው። አንድ ቀን ጋንዳልፍ አለቃውን ሊያማክር ይሄዳል። ልብሱን ልብ ብሎ ሲያየው ነጭ መስሎ የታየው ነጭ አይደለም። ከቀለም ሁሉ የተሸመነ ነው። ሳሩማን በተንቀሳቀሰ ቁጥር ያብለጨልጫል፣ መልኩን ይቀያይራል። ጋንዳልፍ «ነጩ ይሻል ነበር» ዓይነት መልስ ሲሰጠው ሳሩማን ይንቀዋል። ነጭ ጨርቅ ይነከራል፣ ነጭ ገጽ ይጻፍበታል፣ ነጭ ብርሃንም ይሰባበራል ይለዋል። ጋንዳልፍ ደግሞ አንድን ነገር ምንነቱን ለማወቅ ብሎ የሚሰብር ሰው ከጥበብ መንገድ ወጥቷል ባይ ነው።

ይህችን ቦታ ደጋግሜ አንብቤያታለሁ። ነጩ እዚህ ላይ ያልተከፋፈለ ልብ ነው፤ የተቀበሉትን አደራ ሳይሸራርፉ መያዝ። ለዚህም ነው ጋንዳልፍ ሞቶ ሲመለስ ነጭ ለብሶ የሚመጣው። ሳሩማን የጣለውን ቦታ እሱ ያዘው። ሳሩማን ነጩን ጨርሶ አልተወውም ታዲያ፤ የሱ ወታደሮች፣ ኦርኮቹ፣ ጋሻቸው ላይ ነጭ እጅ ተስሎበታል። በተቃራኒው ከደጎቹ ወገን የሆነችው አገር፣ የጎንዶር፣ ግንብ ጠባቂዎች ጥቁር ነው የሚለብሱት። የንጉሡ የአራጎርን ሰንደቅም ጥቁር ነው፣ ነጭ ዛፍ የተጠለፈበት።

ሲ. ኤስ. ሉዊስም በ1950 በወጣው የመጀመሪያው የናርንያ መጽሐፉ ነጭን ለክፉዋ ጠንቋይ ሰጥቷታል። ፊቷ እንደ በረዶ ነጭ፣ ከንፈሯ ደማቅ ቀይ። ናርንያ የተባለውን ምናባዊ አገር ማብቂያ በሌለው ክረምት አስራ ይዛዋለች። ነጩ ሕይወት የሌለበት ብርድ ነው።

ነገሩ የሚከብደው የሰው ቆዳ ሲገባበት ነው። ጨለማውን ሁሉ ክፉ፣ ብርሃኑን ሁሉ ደግ የሚያደርግ ልማድ ሰው ላይ ሲያርፍ ተምሳሌትነቱ ይቀርና ስድብ ይሆናል። ኧርሱላ ለ ግዊን ይሄን ልማድ ሆን ብላ ገለበጠችው። በ1968 ባሳተመችው «ኤ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ» ጀግናው ጌድ ወደ መዳብ የሚያደላ ጠይም ነው። የልብ ጓደኛው ከሱም ይጠቁራል። መንደሩን ሊዘርፉ የሚመጡት ናቸው ነጮቹ። በ2004 መጽሐፉ የቴሌቪዥን ፊልም ሲሆን ጌድን ነጭ ተዋናይ እንዲጫወተው ተደረገ። ደራሲዋ ዝም አላለችም፤ ቅሬታዋን በአደባባይ ጻፈች።

እዚያው ጽሑፍ ላይ ዘዴዋንም ተናግራለች። የጌድን መልክ ገና ከመነሻው አትዘረግፈውም፤ ጥቂት በጥቂት ነው የምትገልጠው። ነጭ ልጆች ጠይም ጀግና ገና ሲያዩ እንዳይርቁት ሰግታ ነበር። አንባቢው መጀመሪያ ከጌድ ጋር ይወዳጅ፣ በሱ ቆዳ ውስጥ ይግባ፣ ቆዳው ነጭ አለመሆኑን ከዚያ በኋላ ይወቀው ብላ።