ስለ አሮጌ ናፍጣ ባቡሮች በተለምዶ የሚባለውና እውነታው

ባሕር ዳር ባቡር የላትም። የባቡር ወሬ ግን አይጎድላትም። ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ በባሕር ዳርና በወረታ አድርጎ ወደ ወልድያ የሚያልፍ መስመር በአገሪቱ የባቡር እቅድ ውስጥ እንደነበረ ከተሰማ ወዲህ፣ ሐይቁ ዳር ቡና የሚጠጣው ሁሉ መሐንዲስ ሆኗል። አውሮፓ ውስጥ ያረጁ የክፍለ ሀገር ናፍጣ ባቡሮች በምን ይተኩ የሚለው ክርክርም በስልካችን በኩል እኛ ጋ ደርሷል። ደግ ነው፤ ነገ ሐዲዱ ከመጣ ጥያቄው የእኛም ነው። ችግሩ ከሚባለው ውስጥ ብዙው ልክ አለመሆኑ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ሞተሩን መቀየር ነው እንጂ አዲስ ምን ያስገዛል?»

ሞተሩማ ይቀየራል። የእነዚህ ባቡሮች ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከወለሉ ሥር ነው የሚታሰረው፤ ወርዶ ሌላ ይገባለታል። የሚያስቸግረው ቀሪው አካል ነው። ለአንድ ባቡር ከ30 እስከ 40 ዓመት ዕድሜ ይታሰብለታል። ከዚያ በኋላ ብረቱ ይዝጋል፣ የውስጥ ሽቦው ይሰነጣጠቃል፣ መለዋወጫውን ያመርት የነበረው ፋብሪካም ወደ ሌላ ሥራ ይዞራል። የጣና ጀልባም አዲስ ሞተር ስለገባለት ብቻ የዛገ ቀፎው ውሃ ማስገባቱን አይተውም።

እንግሊዞች በ1980ዎቹ «ፔሰር» የሚባል ርካሽ ባቡር ሠርተው ነበር። የአውቶቡስ አካል ወስደው ባለ ሁለት አክስል የባቡር ሻሲ ላይ ጫኑት። ለጊዜው ተብሎ የተሠራው ነገር እስከ 2021 ድረስ ሕዝብ ሲያንገጫግጭ ኖረ። በመጨረሻ እንዲወጣ ካስገደዱት ነገሮች ዋናው ሞተሩ አልነበረም፤ በዊልቸር ለሚሄድ ሰው ስለማይመች አዲሱን ሕግ ማሟላት አለመቻሉ ነው።

«እነሱ የሚጥሉትን በርካሽ እናምጣው»

ይህን የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሐሳቡም ከንቱ አይደለም። የሐዲዱ ስፋት እንኳ ይገጥማል። አዲሶቹ የኢትዮጵያ መስመሮች 1,435 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ የእንግሊዝም እንደዚያው። ኢራን ከመጀመሪያዎቹ ፔሰሮች የተወሰኑትን ገዝታ ነበር።

ግን መንገዱን እናስበው። ባሕር ዳር ራሷ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከወረታ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ጋሸና የሚወጣ ሰው 3,000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። እዚያ አየሩ ይሳሳል፣ ናፍጣ ሞተርም ጉልበቱ ይቀንሳል። ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የተገጠመለት ይሻላል፤ ቢሆንም ለእንግሊዝ ሜዳ የተሠራ አሮጌ ባቡር የጉናን ዳገት ይወጣል ብዬ ገንዘቤን አላወጣም። በዚያ ላይ ናፍጣው በዶላር ነው የሚገባው። የግዢው ዋጋ ርካሽ መሆኑን ብቻ አይቶ መወሰን ያስቆጫል።

የኤሌክትሪክ ሞተር ከፍታ እንደዚያ አያደክመውም። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ፍሬን ሲይዝ ሞተሩ እንደ ጀነሬተር ሆኖ ኃይል ከሐዲዱ በላይ ወደተዘረጋው የመብራት ሽቦ ይመልሳል። ከጋሸና ወደ ወልድያ ለሚወርድ ባቡር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

«ናፍጣ ባቡር በካምቢዮ ነው የሚሄደው»

አንዳንዱ አዎ። በብዙዎቹ ጎታች ሎኮሞቲቮች ላይ ግን የናፍጣ ሞተሩ ጀነሬተር ያዞራል፣ ጀነሬተሩ ለኤሌክትሪክ ሞተር ኃይል ይሰጣል፣ ጎማውን የሚያዞረው ይኸው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ስለዚህ ሽቦ ባለበት ከሽቦ፣ በሌለበት ከናፍጣው የሚሠራ ባቡር መሥራት ይቻላል። የለንደንና የምዕራብ እንግሊዝ መስመር ያደረገው ይህንኑ ነው። የሽቦ ዝርጋታው ወጪ ወደ 2.8 ቢሊዮን ፓውንድ አሻቅቦ ከፊሉ ሲቀር፣ ባቡሮቹ ሁለቱንም ይዘው ሄዱ።

«መብራት በጠፋ ቁጥር ባቡሩ ሜዳ ላይ ይቀራል»

ባሕር ዳር ውስጥ ይህን የማይጠይቅ ሰው የለም፤ አይፈረድበትም። ሆኖም ባቡር መብራቱን ከሰፈራችን ትራንስፎርመር አይወስድም። ከከፍተኛ ኃይል መስመር በራሱ ማከፋፈያ ጣቢያ በኩል ይወስዳል። የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር የሚሄደው በዚህ መንገድ፣ በ25 ሺህ ቮልት ነው። ቤታችን የሚጨልመው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሰፈር መስመር ሲበላሽ ነው። የአገሪቱ ዋና መረብ ሲወድቅ ግን ባቡሩም ይቆማል፤ ይህ እውነት ነው፣ መደበቅ አያስፈልግም። ኃይሉስ? 460 ሜጋ ዋት ያለው ጣና በለስ ከ2010 ጀምሮ ከዚሁ ከጣና ውሃ ነው የሚያመነጨው።

«የወደፊቱ ሃይድሮጂን ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የተታለለበት ነው።

ጀርመን በታችኛው ሳክሶኒ፣ ብሬመርፈርደ አካባቢ፣ በ2018 የሃይድሮጂን ባቡር መንገደኛ ማጓጓዝ ጀመረ። በ2022 ደግሞ 14 ባቡሮች ናፍጣውን ሊተኩ ገቡ። ጭስ የለም፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው የውሃ ተን ነው። ዓለም አጨበጨበ። ቀጥሎ የሆነው ብዙ አልተወራለትም። ሃይድሮጂኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩት የነዳጅ ሴሎች እየተበላሹ መለዋወጫ ጠፋ፣ የተወሰኑ ናፍጣ ባቡሮችም ወደ መስመሩ ተመለሱ። የዚያው ግዛት ባለሥልጣናት ለሌሎቹ መስመሮቻቸው ባትሪ ባቡር መረጡ።

ምክንያቱ የፊዚክስ ሒሳብ ነው። በኤሌክትሪክ ውሃ ይሰነጠቃል፣ ሃይድሮጂኑ ይታመቃል፣ ይጓጓዛል፣ ባቡሩ ላይ እንደገና ኤሌክትሪክ ይሆናል። በእያንዳንዱ ደረጃ ይባክናል። መጀመሪያ ከነበረው ኃይል ጎማው ጋ የሚደርሰው ሲሶ ገደማ ነው። በባትሪ ሲሆን ሦስት አራተኛው አካባቢ ይደርሳል፤ በሽቦ ደግሞ ከዚያም ይሻላል። ሃይድሮጂን ጭራሽ አይረባም ማለት አይደለም። ሽቦ መዘርጋት በማይቻልበት በጣም ረጅም መንገድ ቦታ ሊኖረው ይችላል። ግን ርካሽ መብራት ላለው አገር ዙሪያ ጥምጥም ነው።

«ባትሪ ለባጃጅ ነው እንጂ ለባቡር አይሆንም»

ሰሜን ጀርመን ውስጥ ሽሌስቪግ ሆልሽታይን በ2023 ጥቅምት 55 ባትሪ ባቡሮችን በናፍጣው ቦታ ማስገባት ጀመረች። የዚያው ዓይነት ባቡር በ2021 ሙከራ በአንድ ቻርጅ 224 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ብልሃቱ ባትሪውን ማግዘፍ አይደለም። ባቡሩ ሽቦ ባለበት ሐዲድ ላይ ሲያልፍ እየሄደ ይሞላል፤ ሽቦ ከሌለበት በባትሪው ይሄዳል። መስመሩ ሙሉ በሙሉ ሽቦ የሌለው ከሆነ ጣቢያው ላይ ብቻ አጭር ሽቦ ይዘረጋል።

ከባሕር ዳር ወረታ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የፎገራ ሜዳም እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ነው። ቀላል የመንገደኛ ባቡር ከሆነ ለባትሪ ከዚህ የተመቸ መንገድ ከየት ይመጣል? ከወረታ ወዲያ ላለው ዳገት፣ በተለይ ጭነት ለሚጎትት ባቡር፣ ግን ሽቦ ነው የሚያዋጣው። «የትኛው ባቡር ይሻላል?» ብሎ በደፈናው መጠየቅ ለዚህ ነው የማያስኬደው። መልሱ መስመሩን፣ ጭነቱንና በቀን ስንት ባቡር እንደሚያልፍ ተከትሎ ይለያያል። በቀን ሁለት ባቡር ለሚያልፍበት መንገድ ሙሉ ሽቦ መዘርጋት ብክነት ነው፤ በየግማሽ ሰዓቱ የሚያልፍበት ከሆነ አለመዘርጋቱ ነው ብክነቱ።

«ሽቦ የሀብታም ነው»

ህንድ ሰፋፊ መስመሮቿን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሽቦ አልብሳለች። እንግሊዝ ግማሹን እንኳ አላለበሰችም።

«ኤሌክትሪክ ከሆነ ጥገና የለውም»

ይህንን የሚል ሰው የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር ይመልከት። በ2015 በ41 ባቡሮች ነው የተጀመረው። ዓመታት ሳይቆይ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ጎማ ያልቃል፣ ፍሬን ያልቃል፣ በርና ኮምፒውተርም ይበላሻል፤ ናፍጣ ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም። የሚቀረው የዘይትና የናፍጣ ሞተር ጣጣ ነው። ከአዋሽ ወልድያ የተሠራው መስመርም አብዛኛው ተጠናቆ ነበር፤ መንገደኛ ሳይጭን በጦርነቱ ጉዳት ደረሰበት። እኛ ጋ የሚመጣ ባቡር ዓይነቱ ምንም ይሁን ምን፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መጠገኛ ጋራዥና መለዋወጫ ከነበጀቱ አብሮት መምጣት አለበት። የግዢ ውል ውስጥ እኔ መጀመሪያ የማነበው ገጽ እሱን ነው።

«ናፍጣ ባቡር ጨርሶ ይጠፋል»

በቅርቡ አይጠፋም። በጅቡቲው መስመር ላይ እንኳ በጣቢያ ግቢ ውስጥ ፉርጎ የሚያመላልሱ ናፍጣ ሎኮሞቲቮች አሉ። ሽቦ ሲበጠስ የቆመውን ባቡር የሚጎትተውም ናፍጣው ነው።