ባሕር ዳርን በውሃዋ መጎብኘት

ጎጃም ባሕር የለውም፤ ባሕር ዳር ግን አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ ተቀምጣለች። በዳርቻው ቆሞ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው ማዶው ስለማይታየው፣ ስሙን ያወጣው ሰው ምን አይቶ እንዳወጣው ወዲያው ይገባዋል። ጣና ከሰሜን ወደ ደቡብ 84፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። በስፋቱ የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አያልፍም። በጥንት ዘመን የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የውሃውን መውጫ በድንጋይ ገድቦት የተፈጠረ ሐይቅ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይገቡበታል፤ የሚወጣበት ወንዝ ግን አንድ ዓባይ ብቻ ነው። ዩኔስኮ ጣናን እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም የብዝኃ ሕይወት ክልሎች መዝገብ አስፍሮታል።

ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ እንግዳ ብዙውን ጊዜ አንድ ቀን ይመድባል፤ ጠዋት በጀልባ አንድ ገዳም፣ ከሰዓት በኋላ ፏፏቴ፣ ማታ አሳ፣ በነጋታው ጉዞ። ይህ ለከተማዋ አይበቃም። ባሕር ዳርን ማየት ማለት ውሃውን መከተል ማለት ነው፤ ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚቀዝፍበት፣ ማን እንደሚጸልይበት፣ በየትኛው በር እንደሚወጣ። ለዚህ ቢያንስ ሦስት ቀን ያስፈልጋል።

ወደ ጎጃም መግቢያው

ዓባይ ከጣና ወጥቶ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል፤ ከዚያም ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ዞሮ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጣ ሰው ከተማዋን ከማየቱ በፊት ወንዙን መሻገር አለበት። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና አቀበት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ይወጣል። በሸለቆው ውስጥ አሮጌው ድልድይና በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው የሕዳሴ ድልድይ ጎን ለጎን ይታያሉ። ከደጀን ወዲያ ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬ፣ ዳንግላ እያሉ የጤፍና የበቆሎ ማሳ ሲያቋርጡ ይዋላል። አውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያደርሳል፤ አቅም ያለው ሰው ግን አንዱን መንገድ በምድር ቢያደርገው እመክራለሁ። ያን ሸለቆ ያላየ ሰው ጣና ላይ በዝግታ የሚወጣው ውሃ በኋላ ምን እንደሚሠራ አይገምትም።

ከተማዋ

ባሕር ዳርን እንደ ጎንደር የነገሥታት መናገሻ አድርጎ የሚያስብ ቅር ይለዋል። ቦታው ጥንታዊ ነው፤ ከተማው ግን አዲስ ነው። የቆየው በሐይቁ አጠገብ ያለው የጊዮርጊስ ደብር ሲሆን፣ በቅጥሩ ውስጥ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኢየሱሳውያን፣ ማለትም ከአውሮፓ በመጡ የካቶሊክ ሚስዮናውያን፣ እንደተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ሕንጻ አለ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ቦታውን የጦር ሰፈርና የጀልባ ወደብ አደረገው። ዛሬ የምናያት ከተማ መልክ የያዘችው ግን ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ፣ በጀርመን ባለሙያዎች የተነደፈው የከተማ ፕላን በዚያ አሥርት ዓመት ተከታትለው መጡ። በዘንባባ የታጀቡት ሰፋፊ ጎዳናዎች የዚያ ፕላን ፍሬ ናቸው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በቤዛዊት ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት አሠርተዋል፤ ከኮረብታው ግርጌ ዓባይ ከሐይቁ እንደወጣ በዛፎች መካከል ሲጠማዘዝ ይታያል። ማለዳ ወይም ወደ ማታ ጉማሬ ብቅ የሚልበት ጊዜ አለ።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው። ለእግረኛ ሰፊ መንገድ ስላለው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ለመንሸራሸር ይመቻል።

ታንኳ

በጣና ላይ ከሞተር ጀልባው በፊት፣ ከጣሊያን መርከብም በፊት ታንኳ ነበረ። ታንኳ ከደንገል ይሠራል። ደንገል በሐይቁ ዳርቻ በረግረግ የሚበቅል ረጅም ሣር መሰል ተክል ሲሆን፣ ታጭዶ ይደርቃል፣ ይታሰራል፣ ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ላይ ይቀለበሳሉ። ሚስማር የለውም፣ ሳንቃ የለውም። ውሃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ከጉዞ በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ስለሆነ ባለሙያው ቶሎ ቶሎ ሌላ ማሰር አለበት። ከዘጌ እንጨት ጭነው ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚቀዝፉትን ታንኳዎች ማለዳ በጭጋጉ ውስጥ ማየት፣ ለእኔ ከየትኛውም ፏፏቴ የሚበልጥ ትዕይንት ነው።

የታንኳ ሥራ ሲነሣ ወይጦዎች መነሣት አለባቸው። ወይጦዎች በሐይቁ ዙሪያ የኖሩ፣ ኑሯቸውን በአሳ፣ በቀድሞው ዘመን በጉማሬ አደን፣ እንዲሁም በደንገል ሥራ ላይ የመሠረቱ ሰዎች ናቸው። ጉማሬ ይበላሉ እየተባሉ ለብዙ ትውልድ ከጎረቤቶቻቸው ማዕድ ርቀው እንዲቀመጡ ተደርገዋል። ከተማዋ ስትሰፋና የሐይቁ ዳር ለሆቴልና ለመዝናኛ ሲፈለግ፣ ደንገሉም ቦታውም እያነሰባቸው ሄደ። ፎቶ አንሥቶ ከመሄድ ይልቅ ከእጃቸው ሰፌድ ወይም ትንሽ ታንኳ መግዛት ይሻላል፤ ዋጋም ሲጠሩ መከራከር አይገባም ባይ ነኝ። የጣናን ውሃ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ዘጌና ደሴቶቹ

ጣና ውስጥ ሠላሳ ሰባት ያህል ደሴቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ገዳም ወይም የገዳም ፍርስራሽ አለባቸው። በግራኝ ጦርነት ዘመን የደብሮች ንዋየ ቅድሳትና መጻሕፍት ተሸሽገው የተረፉት በእነዚህ ደሴቶች ነው። ውሃው እንደ ቅጥር ጠብቋቸዋል።

ለአንድ ቀን ጎብኚ የሚቀርበው ዘጌ ነው። ዘጌ ደሴት ሳይሆን ወደ ሐይቁ የገባ የምድር ምላስ ነው። ደን ነው፤ ከዛፎቹ ሥር ያለው ደግሞ ቡና ነው። በዘጌ ማረስ አይፈቀድም፤ ከብት ማርባትም እንዲሁ። ትውፊቱ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ቆርጠው እንዲተክሉ ታዘው፣ ከአንዱ ቡና፣ ከአንዱ ጌሾ፣ ከአንዱ ሎሚ በቀለ ይላል። እርሻ የሌለበት አገር ገዳሙንም ሕዝቡንም በዛፍ ፍሬ ሲያኖር ስለቆየ፣ በዙሪያው ያለው ጎጃም ሲራቆት ዘጌ በጥላ ውስጥ ቀረ። የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ሳይመጣ፣ የአንድ ጻድቅ ቃል ደኑን እስከ ዛሬ ጠብቆታል።

ከዘጌ ገዳማት ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም በብዛት ይጎበኛሉ። ሁለቱም ክብ ናቸው፤ ከውጭ ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ በመካከል አራት ማዕዘን መቅደስ። ሥዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳ ላይ ነው፤ በጨርቅ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ናቸው። እንግዳው ዞሮ ዞሮ ካየ በኋላ አንድ ሥዕል ብቻ መርጦ ቢቆምበት ይጠቀማል። እኔ በላዔ ሰብእን እመርጣለሁ። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው ሰው በመጨረሻ ስለ ማርያም ብሎ ለተጠማ ድሃ ጥርኝ ውሃ አጠጣ፤ በሚዛን ጊዜም ያቺ ጥርኝ ውሃ ከሰባ ስምንቱ ነፍስ በልጣ ተገኘች። በሐይቅ ተከቦ ይህን ሥዕል የሚያይ ሰው፣ ሠዓሊው ለምን ደጋግሞ እንደሣለው አይጠፋውም።

ክብራን ገብርኤል ለከተማዋ ቅርብ ነው፤ ሴት አይገባበትም። በብራና መጻሕፍቱ ስሙ የታወቀ ገዳም ነው። በአጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ለሴቶች ክፍት ነው። ራቅ ብሎ በሐይቁ መካከል ደቅና ዳጋ ይገኛሉ፤ ለእነርሱ ሙሉ ቀን መመደብና ማልዶ መነሣት ያስፈልጋል። በደቅ ዳርቻ ያለውን ናርጋ ሥላሴን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ዳጋ እስጢፋኖስ ለወንዶች ብቻ የተፈቀደ ሲሆን፣ የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ የዐፄ ሱስንዮስና የዐፄ ፋሲል ዐፅም ያረፈው በዚያ ነው። በምሥራቅ በኩል ያለው ጣና ቂርቆስ ደግሞ ታቦተ ጽዮን አክሱም ከመግባቷ በፊት ለስምንት መቶ ዓመት ያረፈችበት ቦታ ነው ተብሎ ይታመናል።

ወደ ገዳም ሲገቡ ጫማ ይወልቃል፣ ሴቶች ራሳቸውን ይሸፍናሉ፣ በቅዳሴ ሰዓት ፎቶ አይነሣም። መጽሐፍ ገልጠው የሚያሳዩትን አባት «አባ» ብሎ መጠየቅ፣ ሲባርኩም መስቀላቸውን መሳለም የአገሩ ደንብ ነው። ጀልባ ከመሳፈር በፊት ዋጋውንና የሚደረስባቸውን ገዳማት መስማማት፣ የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩንም ማየት ይገባል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ልምድ ያለው ባለጀልባ ማለዳ መውጣት ይመርጣል።

የውሃው በሮች

ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ቦታ ጨራ ጨራ ይባላል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራ መዝጊያና መክፈቻ ያለው ግድብ አለ፤ ከጣና ምን ያህል ውሃ ይውጣ የሚለው የሚወሰነው በዚህ ነው። ለጎብኚው ይህ ዝርዝር ትንሽ ሊመስለው ይችላል። ግን ጢስ ዓባይ ደርሶ «ፏፏቴው የታለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን የሚያገኘው እዚህ ነው።

ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ውሃው ከ40 ሜትር በላይ ይወረወራል፤ በክረምት ማብቂያ ሲሞላ ወርዱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። በደርግ ዘመን በታተመው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ የነበረው ሥዕል ይኸው ፏፏቴ ነው። ከፏፏቴው በላይ ግን ቦይ ተቆፍሯል። ውሃው በቦዩ ተወስዶ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ያንቀሳቅስና ከፏፏቴው በታች ወንዙን መልሶ ይቀላቀላል። የመጀመሪያው ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረና 11 ሜጋ ዋት ያህል የሚያመነጭ ነበር፤ ሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጨመረው፣ 73 ሜጋ ዋት ያህል ነው። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ተመረቀ። ይህኛው ከወንዙ ሳይሆን ከሐይቁ ምዕራባዊ ዳር ውሃ ወስዶ በ12 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ አሳልፎ፣ ከ300 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርውሮ ወደ በለስ ወንዝ ይለቀዋል። ውሃው ዓባይን መልሶ የሚያገኘው በታች በቆላው ነው።

ስለዚህ በበጋ የሚሄድ ሰው ከገደሉ ላይ ጥቂት ነጭ ክሮች ሲወርዱ ሊያይ ይችላል። አስጎብኚዎች ይህን አስቀድመው ለእንግዳው መንገር አለባቸው፤ ሩቅ አገር አቋርጦ የመጣን ሰው በአሮጌ ፎቶ ማታለል ነውር ነው። ፏፏቴውን ለማየት ትክክለኛው ጊዜ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። መንገዱ ላይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውና ሰዎች የፖርቱጋል ድልድይ የሚሉት የድንጋይ ድልድይ ስላለ፣ ውሃ ሲያንስም ጉዞው ባዶ አይሆንም።

ለመምጣት፣ ለመብላት

ከመስከረም ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ምድሩ አረንጓዴ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ጥምቀትን በጣና ዳር ማክበር የሚፈልግ ለጥር 11 አስቀድሞ አልጋ ይያዝ። ምግቡ አሳ ነው፤ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ አሳ። ነጭ አሳ የሚባሉት 15 ያህል ዝርያዎች ከጣና በቀር በዓለም የትም አይገኙም፤ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ገባር ወንዞቹ ሽቅብ ሲወጡ በገፍ ስለሚጠመዱ ቁጥራቸው እየመነመነ ነው። በተለይ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የተንሰራፋው የእምቦጭ አረምም ለአሳውም ለአሳ አስጋሪውም ጠላት ሆኗል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ጉብኝቱን ክፉኛ ጎድቶታል። ባለጀልባው፣ አስጎብኚው፣ ሰፌድ ሻጯ ያለ እንግዳ ውለዋል። ማንም ከመነሣቱ በፊት የመንገዱንና የከተማዋን ሁኔታ ከአካባቢው ሰው ማጣራት አለበት።

ግሽ

ጊዜ የተረፈው፣ መንገዱም ሰላም የሆነለት ሰው ውሃውን ወደ ላይ ይከተል። ወደ ጣና የሚገባው ግልገል ዓባይ የሚነሣው በሰከላ፣ ከግሽ ተራራ ሥር ነው። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1770 እዚህ ቆመዋል። የጎጃም ሰው ግን ከእነርሱ በፊት ቦታውን የሚያውቀው በአቡነ ዘርዐ ብሩክ ነው፤ ጻድቁ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጥተው፣ ከዓመታት በኋላ ሳይርሱ እንደተመለሱላቸው ይነገራል። ምግብ ቀምሶ ወደ ምንጩ መቅረብ አይፈቀድም። ስለዚህ እንግዳው ሳይበላ በማለዳ ይወርዳል፤ በሣሩ መካከል የምትፈልቀውን ትንሽ ውሃ ያያል፤ ጠበል ለመቅዳት ጀሪካን ይዘው ከቆሙት ምእመናን ኋላም ተራውን ይጠብቃል።